ቀለም ያልደፈነው ሻጋታ

ታናሽ ወንድሜን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄጄ፣ ከክፍሉ በር ላይ የሰፈራችንን ሽማግሌ አገኘኋቸው። የሆስፒታሉ ጥገና ኃላፊ ናቸው፤ የቀለም ብሩሽ ይዘዋል። አንዲት ነርስ መንገዱን ዘግታባቸው ቆማለች። የወንድማቸው ልጅ ናት፤ ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው።

«እንኳን መጣህ፤ እስቲ አንተ ፍረደን» አሉኝ። «ነገ ጎብኚዎች ይመጣሉ። ያን ጥቁር ነገር ቀለም ላልብሰው ብል አላስገባም አለችኝ።»

ቀና ብዬ አየሁ። ከመስኮቱ በላይ ግድግዳው በሻጋታ ጠቁሯል። ከሥሩ ወንድሜ ተኝቷል። የደም ካንሰር ሕክምናው አቅሙን አሟጦት ስለነበር፣ ሐኪሞቹ ጉንፋን እንኳ እንዳይነካው ይሰጉለት ነበር።

«አጎቴ፣ ሻጋታ ሕይወት ያለው ነገር ነው» አለች ነርሷ በትሕትና። «ዱቄት የመሰለ ዘሩ በአየር ይበተናል። እርስዎንና እኔን ቢበዛ ያስነጥሰን ይሆናል። አቅሙ የደከመ በሽተኛ ግን ሳንባው ውስጥ ሊያድግበት ይችላል።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እርጥብ ቤት ኖሬ ይኸው ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ!»

«ዕድሜ ይስጥልኝ፤ እርስዎ ጤነኛ ነዎት። እዚህ የሚተኛው ግን ስለታመመ ነው የሚተኛው።»

ሽማግሌው እጅ መስጠት አልወደዱም። «እንግዲያው በበረኪና አጥቤ እቀባዋለሁ፤ ጣጣው አለቀ።»

«አምናስ እንዲሁ አድርገው አልነበር? ለምን ተመለሰ ታዲያ?»

ንጣትን ከንጽሕና ጋር አንድ አድርጎ ማየት የብዙዎቻችን ስሕተት ነው። ሽማግሌውም ሙያቸው እንዲህ ጥያቄ ውስጥ መግባቱ ከንክኗቸው፣ «ቆይ ልየው» አሉ። ነርሷ በመጀመሪያ ወንድሜን ወደ ሌላ ክፍል አስወሰደችው፤ ከዚያ ለአጎቷ የአፍንጫ መሸፈኛ ሰጠቻቸው።

መሰላል ላይ ወጥተው አውራ ጣታቸውን ጫን ሲያደርጉ ልስኑ እንደ ራሰ ዳቦ ተፈረፈረ። ውስጡ ከውጭው ይልቅ ጠቁሯል። ውሃ በክንዳቸው ላይ ቁልቁል ወረደ።

«ይህ ሁሉ ውሃ እያለ የምቀባው ምኑን ነው? ወንድምህ እኮ ከዚህ ሥር ነበር የተኛው!» አሉ ወደ እኔ ዞረው። ብሩሹን አስቀምጠው ጣሪያ ላይ ሲወጡ፣ አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ውሃውን ወደ ግድግዳው ሲመልሰው አገኙ።

ያን ዕለት ክፍሉ በላስቲክ ተጋረደ። የራሰው ልስንና ኮርኒስ ተነቅሎ በከረጢት ታስሮ ወጣ፤ አሸንዳውም ተጠረገ።

በማግስቱ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ እየተጣደፉ መጡ። «ምነው ሳይቀባ ቀረ? ጎብኚዎቹ በር ላይ ናቸው እኮ!»

«ጌታዬ፣ ቀለም የሚያየውን ሰው ደስ ያሰኛል እንጂ የሚተነፍሰውን አይጠብቅም» አሉ ሽማግሌው። «መጀመሪያ ይደርቃል፤ ከዚያ ይቀባል። የሚያፈሰውን በጊዜው ብንጠግን በሽተኛው ሌላ በሽታ ሳይጨመርበት ድኖ ይወጣል፤ አልጋውም ቶሎ ለሌላው ይደርሳል። ጎብኚዎቹ ከጠየቁ እኔ አስረዳለሁ።»

አስረዱም። ወንድሜም ውሎ አድሮ ሕክምናውን ጨርሶ በእግሩ ወደ ቤቱ ገባ። ያን ዕለት ጎብኚዎቹ እንደሄዱ ሽማግሌው መሰላላቸውን ተሸክመው ነርሷን፣ «ነይ ልጄ» አሏት፤ «አምና የቀባኋቸውን ሌሎቹንም ክፍሎች እንያቸው።»