ለተጨፈለቀች መኪና የሚከፈል ኢንሹራንስ

አቶ ሴልመር ያን ጠዋት ከቤታቸው የወጡት ኢንሹራንሳቸውን ለማቋረጥ ቆርጠው ነው። ከእርሻ ቤታቸው እስከ ኢንሹራንስ ወኪሉ ቢሮ በእግር ሩቅ ነው፤ የአሜሪካዋ ሚኒሶታ የየካቲት ብርድ ደግሞ ለሰማንያ ዓመት ጉልበት አይራራም። ግን ምን ያድርጉ? መኪናቸው አጋዘን ገጭታ ከተጨፈለቀች ወዲህ በጋራዥ አጥር ውስጥ በረዶ ለብሳ ቆማለች። ኩባንያው «አትጠገንም፤ ዋጋዋን እንከፍልዎታለን፣ ይጠብቁ» አላቸው። እሳቸው ሲጠብቁ የኢንሹራንሱ ክፍያ ግን እንደ ወትሮው መቆረጡን አላቆመም።

እውነቱን ለመናገር፣ ያንገበገባቸው ክፍያው ብቻ አልነበረም። ባለቤታቸው አርዲስ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ በሌላ ከተማ በአረጋውያን መጦሪያ ትኖራለች። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እየነዱ ይጠይቋት ነበር። መኪናዋ ከተሰበረች ወዲህ ግን ዐይኗን አላዩም። ስትደውል ሰበብ ይፈጥሩላታል። ምሳ ለብቻ፣ ራት ለብቻ ሆነ፤ ቤቱ ጭር ሲልባቸው የሰው ድምፅ እንዲኖር ብለው ሬዲዮ ይከፍታሉ፣ የሚለውን ግን አይሰሙትም።

እንዲህ እያዘገሙ ሳለ አንዲት መኪና አጠገባቸው ቆመች። የምትነዳው የጎረቤታቸው ልጅ ማረን ነበረች፤ በትልቁ ከተማ ሕግ ተምራ በቅርቡ ነው የተመለሰችው።

«ጋሼ ሴልመር! በዚህ ብርድ በእግር? ይግቡ፣ ላድርስዎ።»

«ኧረ ግድ የለም፣ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።»

«ይግቡ እንጂ፣ መንገዴ እኮ ነው።»

«ኧረ አላስቸግርሽ።»

«ጋሼ፣ አፍንጫዎ ቲማቲም መስሏል! ይግቡ!»

«እንግዲህ እንዲህ ካልሽ...» ብለው ገቡ።

የዚያ አገር ወግ ይኸው ነው። ሰው ኬክ ሲቀርብለት እንኳ ሁለቴ እምቢ ብሎ በሦስተኛው ይቀበላል፤ በመጀመሪያው እሺ ያለ እንደ ስግብግብ ይታያል። ጋባዡም ይህን ስለሚያውቅ ሦስቴ ሳይጠይቅ አይተውም። ሁለቱም ወገን ወጉን እስካወቁት ድረስ ማንም ተርቦ አይቀርም።

«ወዴት ነው ታዲያ?» አለች ማረን።

«ወኪሉ ጋ። ኢንሹራንሱን ላስቆም። ለሬሳ ቀለብ ይሰፈራል እንዴ?»

«ካሳውን ተቀብለዋል?»

«ገና።»

«የባለቤትነት ወረቀቱንስ ፈርመው አስረክበዋል?»

«ገና ነው አልኩሽ! ችሎት ፊት ነው እንዴ የቀረብኩት?»

«እንግዲያው አያስቁሙ፣ ጋሼ። ብትጨፈለቅም እኮ መኪናዋ በስምዎ ናት። ካሳው ተከፍሎ ኩባንያው እስኪረከባት ድረስ ጣጣ ቢመጣ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። ደግሞ ዛሬ አቋርጠው ነገ ሌላ መኪና ቢገዙ፣ ‹ይህ ሰው ያለ ኢንሹራንስ ከርሟል› ብለው ዋጋ ይጨምሩብዎታል። ጉዳዩ ሲያልቅ ያልተሠራበትን ክፍያ መልሱልኝ ማለት ነው የሚሻለው።»

«ሕግ ተምረሽ የኩባንያ ጠበቃ ሆንሽልኝ!»

«የምሟገተው ለእርስዎ ነው። ለመሆኑ እስከዚያ በኩባንያው ወጪ የሚነዱት የኪራይ መኪና ውልዎ ውስጥ የለም?»

አቶ ሴልመር ጓንታቸውን አውልቀው መልሰው አጠለቁ። «አለ። አርዲስ ናት ያኔ ያስገባችው። የኩባንያው ሠራተኛ ልጅም ትፈልጋለህ ወይ ብላ በስልክ ጠይቃኛለች።»

«እና?»

«ኧረ ግድ የለም፣ አትቸገሩ አልኳት።»

«እሷስ?»

«‹እሺ ጌታዬ› ብላ ወደ ሌላ ነገር አለፈች! ከደቡብ ግዛቶች የመጣች ናት መሰለኝ። እንደገና ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ መልካም ቀን ብላኝ ዘጋችው።»

ማረን ሳቋ መጣ፤ ፊታቸውን ስታይ ግን ዋጠችው። መኪናዋን ዳር አስያዘች።

«ታዲያ እትዬ አርዲስን በምን እየሄዱ ነው የሚጠይቋት?»

«አልሄድኩም።»

«ጎረቤት ሞልቶ?»

«ቄሱም ጠይቆኝ ነበር፣ አባትሽም። ደህና ነኝ አልኳቸው። ምን ልበል? አባቴ ያሳደገኝ እንዲህ ነው። በአንድ ቃል እጁን የሚዘረጋ ሰው አይከበርም። እናንተ ተማርን ባዮች ይሉኝታ የሚባል ነገር ጠፋባችሁ።»

«ወጉን አልነቀፍኩም ጋሼ፤ እኔም ሦስቴ ነው የለመንኩዎ። ግን ያቺ ልጅ ወጋችንን በምን ታውቀዋለች? አይ አሏት፣ አይ ብላ ጻፈች። ስንት ዓመት የከፈሉበት መብትዎ እኮ ነው፣ ምጽዋት አይደለም። እትዬ አርዲስም ያስገባችው እንዲህ ላለው ቀን ብላ ነው። እርስዎ ጨዋ ልሁን ሲሉ እሷ እዚያ በር በሩን ታያለች።»

ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል ገባቻቸው። በመስኮቱ ነጩን ሜዳ እያዩ፣ «ብቻዬን ነኝ፣ ማረን» አሉ። «ቤቱ ከበደኝ።» እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው ሲወጣ ሰምተው ስለማያውቁ ራሳቸውም ደነገጡ።

ማረን ስልኳን አውጥታ ለኩባንያው ደወለችላቸው። ስልኩን ያነሳችው ሴት ውላቸውን አይታ፣ «የኪራይ መኪናውን አሁን ይፈልጋሉ?» አለቻቸው።

«አዎ» አሉ አቶ ሴልመር። ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ቀላ።

ይህ «አዎ» ያመጣውን ጥቅም አንባቢ ልብ ይበል። ውላቸው ስላልተቋረጠ የተከራዩትን መኪና ያለ ስጋት ነዱ። ካሳው ተከፍሎ ወረቀቱን ካስረከቡ በኋላ ያልተሠራበት ክፍያ ተመለሰላቸው፤ ለገዙትም መኪና የዋጋ ጭማሪ አልገጠማቸውም። መብቱን የማይጠይቅ ሰው ጨዋነቱ የሚጎዳው ራሱን ብቻ ሳይሆን የሚጠብቁትን ጭምር ነው።

ትልቁ ጥቅም ግን ካሳው ከመከፈሉ በፊት፣ በመጀመሪያው እሑድ ተገኘ። አቶ ሴልመር ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው በአርዲስ ክፍል በር ላይ ቆሙ። እሷ ቀና ብላ አየቻቸው እንጂ ፈገግ አላለችም። ለምን እንደ ቀሩ አንድም ሳይደብቁ ነገሯት። ቀጥለውም፣ «ናፍቀሽኛል፣ አርዲስ» አሉ።

አርዲስ የተሸፈነችበትን ብርድ ልብስ ጫፍ አጣጠፈች።

«እኔ ደግሞ» አለች በመጨረሻ፣ «የሰለቸሁህ መስሎኝ ነበር።»