የተፎካካሪዬ የነጻ ትምህርት

እኔ እዚህ አሶሳ ሠርግ በቪዲዮ እየቀረጽኩ የምተዳደር ሴት ነኝ፤ ቀጣሪ የለኝም፣ በግሌ ነው የምሠራው። አንድ ቀን ተፎካካሪዬ ሐሚድ ደወለና «ነይ፣ በኮምፒውተር ቪዲዮ ማቀናበር ላስተምርሽ፤ በነጻ ነው» አይለኝ መሰላችሁ! ገበያዬን የሚሻማኝ ሰው ሙያ ሊያካፍለኝ? ሥራዎቼን ሊገለብጥብኝ ነው ብዬ ሜሞሪ ካርዶቼን ቤት ቆልፌባቸው ባዶ ካሜራ ይዤ ሄድኩ። እሱ ግን ምንም ሳይሰስት ሲያሳየኝ ዋለ። ይሄኔ ጥርጣሬዬ ጭራሽ ባሰ። አላስችል ሲለኝ «ሐሚድ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ምን ፈልገህ ነው?» አልኩት።

«መንጌ ወረዳ ሠርግ ይዣለሁ» አለኝ። «ሙሽራዋ ያለችበት የሴቶች ክፍል ደግሞ ወንድ አይገባም። ባለፈው ሌላ ሠርግ ላይ የሙሽራው እህት በስልኳ ቀርጻልኝ ግማሹ ጣሪያ ብቻ ሆኖ ወጣ። የአሁኑን አንቺ ገብተሽ ቅረጪልኝ፤ ከዚያ አብረን እናቀናብረዋለን።»

እፍረት ያዘኝ። ወሬ ለመቀየር «እስቲ የድሮ ሥራዎችህን አሳየኝ» ስለው ኮምፒውተሩ ላይ ከሠራቸው ሠርጎች አንድም ቪዲዮ የለም። ሐሚድ አንገቱን ደፋ።

«አንቺ ትመጫለሽ ብዬ ጠዋት እህቴ ቤት ወስጄ ደበቅኳቸው» አለኝ።