አራተኛው ቺፕ

አሳንሰሩ ለአራተኛ ጊዜ በቆመበት ቀን፣ እያለከለክሁ ደረጃውን ስወጣ ጠጋኙን ሽማግሌ ከእህታቸው ልጅ ጋር በሞተሩ ክፍል በር ላይ አገኘኋቸው። እሳቸው ሕንፃውን ሃያ ዓመት ያገለገሉ፣ እሷ ኤሌክትሮኒክስ ተምራ የተመረቀች ናት። እኔ መምህር ነኝና ክርክር ከሰማሁ እግሬ አይሄድልኝም፤ ቆምሁ።

«የሕንፃው ኃላፊ ዛሬ ካልተሠራ ሌላ ባለሙያ አመጣለሁ ብሎኛል» አሉ ሽማግሌው፣ የተቃጠለችውን ቺፕ በጣታቸው እየዳበሱ። ይህች ጥፍር የምታህል ዕቃ የላዩንና የታቹን መቆጣጠሪያ ሰሌዳ በሁለት ሽቦ የምታነጋግር ናት።

«አዲሷም ነገ ብትቃጠልስ አጎቴ?»

«እቀይራታለሁ! ስትግል ጣቴ ያውቃታል።»

«ጣትዎ ሬሳውን ነው የሚያገኘው፤ ገዳዩን አይደለም። ይቺን ሦስተኛዋን ሽቦ ማን ቆረጣት?»

«እኔ ነኛ! ላይና ታቹን በመሬት ሽቦ ካገናኘህ መብረቅ ትጠራለህ ብሎ የድሮ አለቃዬ አስተምሮኛል።»

«የድሮው አሳንሰር ቺፕ አልነበረውም። ይቺ ግን ከአሥራ ሁለት ቮልት በላይ አትችልም። እስቲ ራስዎ ይለኩ።»

የቮልቴጅ መለኪያ ሜትሯን ሰጠቻቸው። በላዩ ሰሌዳ የመሬት ሽቦና ከታች በመጣው የተቆረጠ ሽቦ መካከል ለኩ። «ሦስት ቮልት! ይኸው!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። ልጅቱ ሞተሩን በእጅ መቆጣጠሪያው አስነሣች።

«ሠላሳ አንድ» አሉ በቀስታ።

እውነቱን ልናገር፣ አዘንሁላቸው። ሃያ ዓመት ያመኑት ምክር በአንድ ቁጥር ሲፈርስ ማየት ቀላል አይደለም።

«አራቱንም የገደልኳቸው እኔ ነኝ በይኛ?»

«አውቀው አይደለም። ሽቦዋን እንመልሳት፤ ትርፉን ቮልቴጅ የምትውጥ መከላከያም በቺፕዋ መግቢያ ላይ እንጨምር።»

እንዳለችው አደረጉ። ዳግም ሲለኩ፣ ሞተሩ ሲነሣም ከአንድ ቮልት አላለፈም። አዲሷን ቺፕ ሽማግሌው ራሳቸው በየዷት። «ብየዳ ያስተማርኩሽ እኔ! ከመምህሩ ደቀ መዝሙሩ አሉ» ብለው ግንባሯን ሳሟት።

ኃላፊው በዚያው አሳንሰር ወጥቶ መጣ። «ችግሩ ምን ነበር?»

ልጅቱ አጎቷን ልትሸፍን «ዕቃው ከመጀመሪያውም…» ስትል ሽማግሌው አቋረጧት።

«ተይ ልጄ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሽቦ ቆርጬ አራት ቺፕ አቃጠልኩ።»

ኃላፊው የተቃጠለችውን ቺፕ አንሥቶ አያት። «አራት ጊዜ ሲቀይሩ ምክንያቱን የነገሩኝ ዛሬ ገና ነው። ሥራዎ ላይ ይቆዩ።»

አንባቢዬ ሆይ፣ ከመቀየር በፊት መለካት ዕቃ ያድናል፤ እኔን የመሰለውንም ከደረጃ ይገላግላል። ጥፋትን አምኖ መናገር ደግሞ ሰውን ከእንጀራው አያፈናቅልም።

ኃላፊው ሲሄድ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሜትሩን እስከ ሰኞ ታውሺኛለሽ? ምድር ቤት ያለው የውኃ ፓምፕ ላይም የመሬት ሽቦውን ቆርጫለሁ» አሉ።