በአንድ እጅ መርፌ

— ሄሎ... አቤት፣ እታለም። አዎ፣ እውነት ነው፤ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ደንቡ ተለውጧል። ነርስም አዋላጅም ሆኖ የተመዘገበ ሰው በሁለቱም ሙያ ካልሠራ፣ ያልሠራበት ይሰረዛል።

— የኔማ አዋላጅነቱ ነዋ። እዚህ አጥንት ክፍል ከገባሁ ወዲህ ማንን አዋለድኩ?

— ልክ ነሽ፣ «ይሰረዝ፣ ልረፍበት» ብዬሻለሁ። አልካድኩም... ዛሬ ነው መልስ የምሰጠው። ሜትሮኗ፣ የነርሶቹ ኃላፊ፣ በር ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነው። — አንድ ጊዜ ይታገሱኝ፣ ሜትሮን፤ እህቴ ናት።

— ድምፄ ምን ሆነ?... አላለቀስኩም። እሺ፣ ትንሽ።

— ኧረ ክፉ ነገር የለም! እግሯ ተሰብሮ የተኛች እርጉዝ አለች አላልኩሽም?... እሷ፣ ቀልደኛዋ። ዛሬ ጠዋት መጮህ ጀመረች። እዚህ ክፍል ሰው ከጮኸ አጥንቱን ነው፤ ሌላ አይታየንም። እኔም እንደ ማንም ማስታገሻዬን ቀድቼ መጣሁ።

— ቆይ፣ አታቋርጪኝ። በአንድ እጄ መርፌ ይዣለሁ፤ ሌላው እጄ... እንጃ፣ ሳላዘው ሆዷ ላይ አረፈ። ጠነከረ። ላላ። ደግሞ ጠነከረ። የአጥንት ሕመም እንዲህ መጣ ሄድ አይልም፣ እታለም። መርፌውን አስቀመጥኩት።

— ወደ ማዋለጃ ክፍል? ሊፍቱ ጋ ሳንደርስ ትገላገል ነበር! እግሯ ደግሞ በክብደት ተወጥሮ እንደተሰቀለ ነው። እግሩ ፈቀቅ እንዳይል መደገፉን ነርስነቴ ያውቃል፤ የልጁ ራስ ሲመጣ ሳይጣደፉ እጅን ሰብስቦ መጠበቁን ግን አዋላጅነቴ ነው የሚያውቀው።

— ሄሎ? ትሰሚኛለሽ?... ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው። ሰማሻት? እሷ ናት የምትጮኸው። በጀሶ የተጠቀለለው ሁሉ በክራንች እያነከሰ ሊያያት ተሰልፏል። — ኧረ አባባ፣ እርስዎ እንኳ ይተኙ! ትላንት አይደል እንዴ እግርዎ የተጠገነው?

— እናቲቱማ ምን አለችኝ መሰለሽ፤ «እግሬን ልታከም መጥቼ ሆዴን አቀለላችሁልኝ፤ የእግሬን ተራ ለማን ሰጣችሁት?»

— «ሁለት ወዶ አይሆንም»?... ተረትማ እኔም አላጣም። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል... አዎ፣ በአንዱ ተንጠልጠል።

— ድካሙን አውቀዋለሁ፤ ወገቡ የኔ ነው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። የማዋለጃ ፈረቃ በእረፍት ቀኔ ከተጨመረብኝ እሁድ እሁድ እማዬ ጋ መምጣት አልችልም። አጥቤ፣ መድኃኒቷን ሰጥቼ...

— አንቺ ትሄጂላታለሽ? በየሳምንቱ?... ከልብሽ ነው?

— ኑሪልኝ፣ እታለም።

— በይ፣ ደህና ዋይ... አይ፣ ቆይ፣ ሳልዘጋው አንቺም ስሚው። — መጣሁ፣ ሜትሮን። ሁለቱንም ምዝገባዬን አሳድሳለሁ። ከመጪው ሳምንት ጀምሮ እሁድን ጨምረው ሁለት ቀን ማዋለጃ ክፍል ይመድቡኝ።