ነፋስ ኖታውን የወሰደ ዕለት

ጊታሬን ላስጠግን የሙዚቃ መሣሪያ አዳሹ ሱቅ ተቀምጬ ነበር። ከጎኔ የሰፈራችን የሙዚቃ ቡድን መሪ የነበሩት አዛውንት የኖታ ማስቀመጫቸው እግር እስኪበየድ ይጠብቃሉ። በዚህ መሐል የሟች ወንድማቸው ልጅ ገባች፤ የአባቷን ክላርኔት ልትወስድ ነው የመጣችው። ከቀብሩ ወዲህ አልተያዩም ነበርና ሁለቱም ክው አሉ።

«ጋሼ፣ እግዜር ነው ያገናኘን» አለች። «ቡድኑን እንደገና ልናቋቁመው ነው። እባክዎ ይምሩን።»

«ኖታ አላችሁ?»

«ጥቂት አለን። የቀረውን እየተደማመጥን እንፈጥረዋለን።»

አዛውንቱ ፊታቸውን ቋጠሩ። «እንዲያማ አይሆንም! ሁሉም እንዳሻው ከነፋ ጫጫታ ነው። ሥርዓት ያስፈልጋል።»

«ሥርዓቱንማ ማን ጠላ? አባቴስ እርስዎ ያስተማሩትን ጠንቅቆ ስላወቀ አይደል ያን ቀን ያልቆመው?»

ያን ቀን እኔም ነበርኩ። በትምህርት ቤቱ ግቢ ሲጫወቱ ነፋስ ኖታውን ጠራርጎ ወሰደው። ከአሥራ ሁለቱ ተጫዋቾች አሥራ አንዱ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። የመሪው ታናሽ ወንድም ብቻ ዜማውን ከልቡ እያፈለቀ ክላርኔቱን መንፋቱን ቀጠለ፤ ሕዝቡም በጭብጨባ አጀበው። መሪው ግን አስቆሙት፤ በሰው ፊትም ከቡድኑ አባረሩት። እኛ አጨብጫቢዎቹም ጭጭ አልን። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«ቤት እኮ ይነፋው ነበር፣ ያንኑ ዜማ» አለች ልጅቷ። «ግን እርስዎ ያስቆሙት ቦታ ሲደርስ ያቆማል። ‹ጨርሰው እንጂ አባዬ› ስለው፣ ‹ወንድም ጋሼ ሲፈቅድልኝ› ይለኛል። ሳይጨርሰው ሞተ።»

«ወይኔ ወንድሜን!» አሉ አዛውንቱ። «እኔ እኮ እሱ መጥቶ ይቅርታ እስኪጠይቀኝ ነበር የምጠብቀው። ስንት ዓመት ሙሉ!»

ኋላ «እስቲ አምጪው» ብለው ክላርኔቱን ተቀበሉና፣ ዜማውን ከዚያችው ቦታ ጀምረው ያለ ወረቀት ነፉት። ሁለቴ ሳቱ፤ ልጅቷ በጣቷ የክላርኔቱን ሳጥን እየመታች ምቱን ያዘችላቸው፤ አዳሹም በመዶሻው አገዛት። እንደምንም ጨረሱት።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ዛሬ ቡድኑ መጀመሪያ ኖታውን ያጠናል፤ ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ይደማመጣል። አንዱ ሲስት ሌላው ያነሳዋል፤ አፍሮ የሚሸሽ የለም። የሰፈሩ ሰውም ከዳር ቆሞ ማየቱን ትቶ አብሮ ያዜማል። አንባቢዬ ሆይ፣ በቤትህም ሆነ በሥራህ ያልተጻፈውን የሚሞክር ሰው ቢገጥምህ፣ ከማስቆምህ በፊት እስቲ ጆሮ ስጠው።

አዛውንቱ ግን ዜማው ወንድማቸውን ያስቆሙበት ቦታ በደረሰ ቁጥር ዝቅ ባለ ድምፅ «ቀጥል» ይላሉ። የፈቀዱት ለወንድማቸው ነበር፤ የሰማነው ግን እኛ ነን።