የሳልህ እጅ

አሰላሙ አለይኩም፣ የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች። ከደብረ ሲና በኩል የወረዳችሁ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ አብዱልመጂድ ነኝ፤ ዛሬ ከምንቀብረው ከሳልህ ጋር አጥር ለአጥር የኖርኩ፣ ማሽላ አብሬው የወቃሁ።

ሳልህ ሰው ይመታ ነበር። መሸሸግ አያስፈልግም፤ ከመካከላችሁ ቡጢውን የቀመሳችሁ አላችሁ። ገላው የጎልማሳ፣ አእምሮው የሕፃን ነበር። ግን ማንን ነበር የሚመታው? ዝም ብሎት ያለፈውን? አይደለም። የሰደበውን? እሱንም አይደለም። ያከበረውን ነበር የሚመታው።

ጋሼ አሊዩ እዚህ አሉ፤ ብዋሽ ያርሙኝ። ከአሊዩ አምባ ገበያ ሲመለሱ፣ እንደ አገራችን ወግ ሊስሙት የሳልህን እጅ ይዘው ሳቡ። አንድ ጥርሳቸው እዚያው ቀረ። ጂኑ ተነሳበት ተባለ። ታሰረ።

እህቱ ራህመት ግን ሌላ ነገር አየች። ልጅ ሳለ፣ ጂኑ ይውጣለት ተብሎ ሁለት እጁ በጠፍር ታስሮ ከርሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ እጁን የያዘው ሁሉ ሊያስረው የመጣ ይመስለዋል። እኛ ስለሚመታ ታሰረ እንላለን። እሷ ስለታሰረ ነው የሚመታው አለችን። ማን ሰማት?

«እጁን አትያዙት፤ መዳፋችሁን ዘርጉና ቆዩ፤ እሱ ራሱ ይመጣል» ትል ነበር። ውድማው ላይ ሞከርኩት። ዘርግቼ ቆምኩ። ሳልህ ዞር ዞር አለ። ኋላ መጥቶ እጁን መዳፌ ላይ አኖረ፤ ገለባ የለበሰ፣ ሞቃት እጅ። እስኪበቃው አላነሳም።

ሐሙስ ዕለት ጣልያኖቹ ያቆሙት ኬላ ላይ ጠባቂው የይለፍ ወረቀት ጠየቀው። ሳልህ ምን ያውቃል? ጠባቂው እጁን ጨመደደው። ራህመት ከኋላ እየሮጠች «እጁን ልቀቁት፣ አይገባውም!» አለች። ሳልህ መታ። ጠባቂው ተኮሰ።

ጣልያኖቹ ሽፍታ ነው ብለዋል አሉ። ብዙ አልልም፤ ዛሬ ጆሮው ብዙ ነው። ሽፍታ ግን አልነበረም። የፈራ ሰው ነበር። አእምሮ ላልተሰጠው ሰው አላህ ኃጢአት የሚጽፈውን ብዕር አንስቶለታል ይሉናል ሼኾቻችን። በላዩ የጻፍንበት እኛ ነን። አዝኛለሁ።

አሁን መቃብር ሲገባ የከፈኑ ቋጠሮ ይፈታል። ለማንም ሟች የሚደረግ ነው። ራህመት ግን አንድ ነገር ለምናለች፤ በእጁ በኩል ያለው አስቀድሞ ይፈታለት።

ይፈታለታል።

ሳልህ፣ በሰላም ሂድ። እጅህን አልይዝም። መዳፌ ይኸው።