የላባው ስሊፒንግ ባግ

ባለቤቴ ለአዳኞች ምግብ አብሳይ ሆኖ ወደ ባሌ ተራሮች ሊሄድ ሲል፣ ብርዱን ፈርተን ጅማ ሰልባጅ ተራ ስሊፒንግ ባግ ልንገዛ ወጣን። አዲሱ ከአቅማችን በላይ ነበር። ሻጩ ሽማግሌ አንድ ያገለገለ አውጥተው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቅለቱን አትዪ፤ ውስጡ የዳክዬ ላባ ነው፣ ከሁለት ብርድ ልብስ ይበልጣል» አሉኝ። ወሰድነው። እኔ ግን የሰው ላብ በጠጣ ነገር ውስጥ እንዲተኛ አልፈለግሁም። በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፌ አሸሁት፣ ጨመቅሁት፤ ላዩ ሲደርቅልኝ ጠቅልዬ ሰጠሁት።

በሁለተኛው ሳምንት የሳንባ ምች ይዞት ተመለሰና ሆስፒታል ገባ። ይዞት የመጣው የሥራ ጓደኛው ስሊፒንግ ባጉን እየዳበሰ፣ «ላባው እኮ ተጓጉሏል፤ ውስጡም ሳይደርቅ ነው የመጣው። በዚያ ውርጭ እንዴት ያሙቀው? ማነው እንዲህ ያጠበው?» አለኝ።

«ራሱ ነው» አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

ባለቤቴ አልጋው ላይ ሆኖ ሰማኝ። አየት አደረገኝ። በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «ምነው ባላጠበው ኖሮ» እያለ ሲያጽናናኝ፣ እኔም አብሬ ራሴን እነቀንቅ ነበር።